በአንድ እግር መቆም፦ ደሴ ውስጥ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች

ለሠላሳ ዓመት ገደማ የስፖርት መምህር ነበርኩ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ማለዳ ማለዳ ከሰፈሬ ሰዎች ጋር ሆጤ ሜዳ አካባቢ እንራመዳለን። አንድ ቀን ከእርምጃው በኋላ «እስቲ ሁላችሁም በአንድ እግራችሁ 10 ሰከንድ ቁሙ» አልኳቸው። ከአሥራ አራታችን አምስቱ አልቻሉም። ከአምስቱ አንዱ ደግሞ ሁልጊዜ ሁላችንንም ቀድሞ ዳገት የሚወጣው ሰው ነበር፤ ደንግጦ አንድ ሳምንት ሙሉ ቀረብን። ከዚያን ቀን ወዲህ በእድር ድንኳን፣ በታክሲ ሰልፍ፣ በለቅሶ ቤት ሳይቀር ጥያቄው ተከተለኝ። አንዱን መልስ ለሃያ ሰው ከመደጋገም ልጻፈው ብዬ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ የሐኪም ሥራ የሆነውን ለሐኪም እተዋለሁ።

በአንድ እግር መቆም ከእድሜ ጋር ምን አገናኘው?

ጫማዎን ያውልቁና አንዱን እግር ያንሱ፤ ከዚያ የቆሙበትን ቁርጭምጭሚት አጎንብሰው ሳይሆን በመስታወት ይመልከቱት፣ ወይም ሌላ ሰው ይይልዎት። ጅማቶቹ እንደ ክራር አውታር ሲርገበገቡ ይታያል። ዝም ብሎ መቆም የሚመስለን ነገር ውስጡ ያለ እረፍት የሚሠራ ሥራ ነው።

አንጎል የሰውነታችንን አቋም የሚያውቀው ከሦስት ቦታ በሚመጣለት ወሬ ነው። ዓይን አካባቢውን ያያል። ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ፈሳሽ የያዙ ሦስት ቀጫጭን ቦዮች አሉ፤ ጭንቅላት ወዴት እንደዞረ ይነግሩታል። ከእግር መዳፍ፣ ከቁርጭምጭሚትና ከጉልበት የሚነሳው ስሜት ደግሞ መሬቱ ምን እንደሚመስልና ክብደታችን ወዴት እንዳዘነበለ ያሳውቀዋል። አንጎል ሦስቱን አገናዝቦ ለጡንቻዎች ትእዛዝ ይሰጣል፤ በተለይ ከዳሌ ጎን ላለው ጡንቻ፣ ምክንያቱም አንድ እግር ሲነሳ ወገባችን ወደዚያ በኩል እንዳይወድቅ የሚይዘው እሱ ነው።

እድሜ ሲገፋ ዓይን ይደክማል፣ የጆሮው ስሜት ይደነዝዛል፣ ከእግር የሚመጣው መልእክት ይዘገያል፣ ጡንቻም ይሟሽሻል። በሁለት እግር ስንቆም አንዱ የሌላውን ጉድለት ስለሚሸፍን አይታወቅብንም። በአንድ እግር ስንቆም ግን ሽፋኑ ይነሳል።

እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካ ያለው የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች ከ50 ዓመት በላይ የሆናቸው 40 ጤነኛ ሰዎችን መረመሩ፤ ግማሾቹ ከ65 በታች፣ ግማሾቹ ከዚያ በላይ ነበሩ። አረማመዳቸውን፣ የእጃቸውን የመጨበጥ ኃይል፣ የጉልበታቸውን ጥንካሬና ሚዛናቸውን ለኩ። አረማመዳቸው በእድሜ ብዙም አልተለወጠም። የመጨበጥ ኃይልና የጉልበት ጥንካሬ ቀነሱ። ከሁሉም ይበልጥ ያሽቆለቆለው በአንድ እግር የመቆም ችሎታ ነበር፤ ኳስ በማንመታበት እግር በየ10 ዓመቱ 2.2 ሰከንድ፣ በሌላው እግር 1.7 ሰከንድ። ያ ዳገት የሚወጣው ወዳጄ የደነገጠበት ነገር ይኸው ነው፤ አረማመዱን አይቶ ማንም አይጠረጥረውም።

«10 ሰከንድ መቆም ያልቻለ ቶሎ ይሞታል» የሚባለው እውነት ነው?

ከሁሉም በላይ የተጠየቅኩት ይህንን ነው። የእድራችን ጸሐፊማ «እንግዲያው ያልቆመው ሁሉ መዋጮውን በቅድሚያ ይክፈል» ብሎ ድንኳኑን በሳቅ ሞልቶት ነበር። ከሳቁ በኋላ ግን ሁለት ሰዎች ለብቻዬ ጠርተው በዝግታ ጠይቀውኛል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ወሬው የመጣው ከብራዚል ነው። ክላውዲዮ ጂል አራውዦ የሚባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ሪዮ ዴ ጄኔሮ ውስጥ ከ51 እስከ 75 ዓመት የሆናቸው 1,702 ሰዎችን በአንድ እግር አቁመው ፈተኗቸው፤ ከዚያም በአማካይ ለ7 ዓመት ያህል ተከታተሏቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ታተመ። ከአምስት ሰው አንዱ 10 ሰከንድ መቆም አልቻለም። በክትትሉ ጊዜ 123 ሰዎች አረፉ። ከቆሙት ውስጥ የሞቱት 4.6 በመቶ ሲሆኑ ካልቆሙት ውስጥ 17.5 በመቶ ነበሩ።

ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ግን ያልቆሙት ሰዎች ቀድሞውንም በእድሜ የገፉና ብዙ ሕመም ያለባቸው ነበሩ። የስኳር ሕመም ብቻ ቢታይ ካልቆሙት 38 በመቶው ላይ ሲገኝ ከቆሙት ግን በ13 በመቶው ገደማ ላይ ነበር። ተመራማሪዎቹ እድሜን፣ ፆታንና ሕመሞቹን በስሌት ካስተካከሉ በኋላም ያልቆሙት የመሞት ዕድል ከቆሙት በ84 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ማለትም አንድ ነገር አለ፣ ነገር ግን እግሩ አይደለም የገደላቸው። ቴርሞሜትር ትኩሳት አያመጣም፤ ትኩሳት መኖሩን ያሳያል። ደግሞም የተፈተኑት በሙሉ ነጭ ብራዚላውያን ነበሩ፤ እዚህ ደሴ ቧንቧ ውሃ ወይም ሰኞ ገበያ ሰፈር ያደገ ሰው አልነበረባቸውም። ቁጥሩን እንዳለ አንስቶ እዚህ መለጠፍ ተገቢ አይደለም።

እንግሊዝ ውስጥም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1946 በአንድ ሳምንት ውስጥ የተወለዱ ሰዎች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ክትትል ይደረግላቸዋል። 53 ዓመት ሲሆናቸው ዓይናቸውን ጨፍነው በአንድ እግር እንዲቆሙ ተደረገ። ከ2 ሰከንድ በታች የቆሙት 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከቆሙት ጋር ሲነጻጸሩ በቀጣዮቹ 13 ዓመታት የመሞት ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ያህል ነበር።

ለእነዚያ ሁለት ሰዎች የነገርኳቸው ይህንን ነው፦ ውጤቱ የሞት ቀን አይቆጥርም። «ስኳርዎን ተለክተዋል? ደም ግፊትዎስ? እግርዎን ይደነዝዝዎታል? ስንት ጊዜ ተደናቅፈዋል?» ብሎ የሚጠይቅ ደወል ነው።

በእኔ እድሜ ስንት ሰከንድ መቆም ይገባኛል?

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 549 ሰዎችን ለክቶ ነበር፤ ከ45 ሰከንድ በላይ የቆመ ሰው ሰዓቱ እዚያው ላይ ይቆምለታል። ዓይን ተገልጦ በአማካይ ከ40 ዓመት በታች ያሉት 43 ሰከንድ፣ በ40ዎቹ ያሉት 40፣ በ50ዎቹ 37 ቆሙ። ከዚያ ቁልቁለቱ ይጀምራል፦ በ60ዎቹ 27፣ በ70ዎቹ 15፣ ከ80 በላይ 6 ሰከንድ።

አማካይ መሆኑን አይርሱ። በ70ዎቹ ሆነው 9 ሰከንድ ቢቆሙ ወደቁ ማለት አይደለም፤ በ45 ዓመትዎ 9 ሰከንድ ከሆነ ግን እኔ ብሆን ዝም አልልም። ብራዚል ውስጥም ቢሆን ከ51 እስከ 55 ከሆኑት 10 ሰከንድ ያልቻሉት 5 በመቶ ያህሉ ብቻ ሲሆኑ ከ71 እስከ 75 ከሆኑት ግን ከግማሽ በላይ ናቸው።

በትክክል የሚለካው እንዴት ነው?

ባዶ እግር፣ ደረቅና ደልዳላ ወለል ላይ። ግድግዳ ወይም የበር መቃን በክንድ ርቀት ይሁን፤ ሰውም አጠገብዎ ይቁም። የተነሳውን እግር ከቆመው እግር ባት በስተጀርባ ያስጠጉ። እጅ ወደ ጎን ዘርጋ ዘርጋ ማድረግ የለም፣ ከሰውነት ጋር ተጣብቆ ይንጠልጠል። ዓይን ፊት ለፊት ያለ አንድ ነገር ላይ ይረፍ፤ እኔ ቤት የቀን መቁጠሪያው ላይ ነው። የተነሳው እግር መሬት ሲነካ፣ የቆመው ሲዘል ወይም እጅ ግድግዳ ሲይዝ ቆጠራው ያበቃል። ሦስት ጊዜ ይሞከራል፤ በየትኛውም እግር።

ሰከንዱን በአፍ አይቁጠሩ። ሰው ሲጨነቅ ቶሎ ቶሎ ነው የሚቆጥረው፤ «አሥር» ብለው ስድስት ሰከንድ ላይ የወረዱ ብዙ አይቻለሁ። ስልክ ላይ ሰዓት አለ።

ራስዎን የሚያዞርዎት ከሆነ፣ በቅርብ ወድቀው ከነበረ፣ ወይም ያለ ምርኩዝ መቆም የሚያስቸግርዎት ከሆነ ብቻዎን አይሞክሩት።

ዓይኔን ስጨፍን ወዲያው እንገዳገዳለሁ። በሽታ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። በዚያው በ2007 ጥናት ዓይን ተጨፍኖ ከ40 በታች ያሉት እንኳን በአማካይ 9 ሰከንድ ብቻ ነው የቆሙት፤ በ60ዎቹ ያሉት 3 ሰከንድ እንኳን አልሞሉም። ከሦስቱ ወሬ አቀባዮች አንዱን ስለዘጉ ነው።

ነገሩን ግን እንደ ጨዋታ አይዩት። ማታ መብራት ሲጠፋ እኮ ሁላችንም ዓይናችን ተጨፍኗል። በሌሊት ለሽንት ተነስቶ፣ ደጅ ወጥቶ፣ በእርጥብ የድንጋይ ደረጃ ወርዶ መጸዳጃ ቤት መሄድ፣ እዚያም ቁጢጥ ብሎ መነሳት፣ ከዚያ ሸበጥ አድርጎ መመለስ። ክረምት ላይ ጭጋጉና ጭቃው ይጨመርበታል። ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። የእጅ ባትሪ ትራስ ሥር ይቀመጥ። ደረጃው ላይ የሚይዙት አንድ እንጨት ይቸንከር፤ አናጺ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። ሶሉ ያለቀ ሸበጥ ይጣል። ለዚህ ሦስት ነገር የሚወጣው ብር ለአንድ የተሰበረ ዳሌ ከሚወጣው ጋር አይወዳደርም።

እኔ ከጦሳ ተራራ ሥር ነው ያደግኩት። ዳገትና ቁልቁለቱ አይበቃኝም?

ለልብና ለሳንባ ወርቅ ነው። ለጭንም እንዲሁ፤ በተለይ ቁልቁለቱ፣ ምክንያቱም ሲወርዱ ጭን ሰውነትን እንደ ፍሬን ይዞ ነው የሚያወርደው። ነገር ግን ስንራመድ በአንድ እግር የምንቆየው በየእርምጃው ከግማሽ ሰከንድ ያነሰ ነው። ሰውነት ወደፊት እየተገፋ ስለሆነ ሚዛኑን ከመጠበቁ በፊት ሌላኛው እግር ይደርስለታል። እንደ ብስክሌት ነው፤ ሲሄድ ይቆማል፣ ሲቆም ይወድቃል።

ስለዚህ መራመድ ሌላ፣ ጸንቶ መቆም ሌላ ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም። ከፒያሳ እስከ ቤትዎ በእግርዎ የሚመለሱ ከሆነ አይተዉት፤ በባጃጅ መሄድ ከጀመሩ ወዲህ ከሆነ ይህንን ጥያቄ የሚጠይቁኝ ግን መልሱን ራስዎ ያውቁታል።

ሶላትና ቅዳሴስ አይቆጠሩም?

ይቆጠራሉ፤ ብዙ። በቀን አምስቱን የግዴታ ሶላት የሚሰግድ ሰው 17 ረከዓ ይሰግዳል፤ በእያንዳንዱ ሁለት ሱጁድ ስላለ ግንባሩ 34 ጊዜ መሬት ይነካል። ከመሬት መነሳት ደግሞ ለጉልበትና ለዳሌ ከሚደረጉ እንቅስቃሴዎች ሁሉ የሚበልጥ ነው እላለሁ። ቆሞ የሚያስቀድስ፣ የሚሰግድ ሰውም እንዲሁ ነው። መቋሚያ መያዝ አያሳፍርም፤ ስሙም የተሠራውም ለዚሁ ነው።

እኔን የሚያስደስተኝ ግን ውዱእ ነው። ቆሞ፣ አንድ እግር አንስቶ ማጠብ እውነተኛ የአንድ እግር ልምምድ ነው፣ ያውም በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ። ችግሩ ወለሉ እርጥብ ነው። በአንድ እጅ ግድግዳ ይያዙ፣ ሸበጡ የማያንሸራትት ይሁን። አንድ የሸዋ በር ሽማግሌ ወዳጄ በ76 ዓመታቸው 21 ሰከንድ ሲቆሙ «የት ተለማመዱ?» ብላቸው «ስልሳ ዓመት ሙሉ ሳጥብ» አሉኝ።

ልጆቼ «እማ አንቺ ተቀመጪ፣ ምንም አትንኪ» ይሉኛል። ልስማቸው?

ይህ ጥያቄ ለእኔ የነገሩ ሁሉ ሥር ነው።

ትልቅ ሰው ሲመጣ ከመቀመጫችን እንነሳለን። ውሃ በእጁ ላይ እናፈስለታለን። ጫማውን እናቀርብለታለን፤ አንዳንዴም ጎንበስ ብለን እናጠልቅለታለን። ቡናውን፣ ቆሎውን፣ መድኃኒቱን በተቀመጠበት እናደርስለታለን። ይህ የወሎ ወግ ነው፣ እኔም እንዲጠፋ አልፈልግም። ግን በስፖርት መምህር ዓይን ሲታይ በየቀኑ ሃያ ትንንሽ ልምምዶችን ከሰውየው እየወሰድንበት ነው። ቆሞ ካልሲ ማድረግ፣ ከዱካ መነሳት፣ ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ ስኒ ማውረድ፣ ደፍ መሻገር፤ እነዚህ ሁሉ ሰውነት ሚዛኑን የሚያስታውስባቸው ናቸው። እግር የተከለከለውን ነገር ይረሳል። ከዚያ አንድ ቀን ቤት ውስጥ ማንም በሌለበት ተነስቶ መሄድ ይመጣል፤ ያን ጊዜ አክባሪ ልጅ አጠገብ የለም።

ሰፈራችን ውስጥ ከ70 በላይ የሆናቸው አንዲት እትዬ አሉ። ልጃቸው ጧት ጧት ጫማቸውን አጥልቃላቸው ነበር የምትወጣው። ኮምቦልቻ ሥራ አግኝታ ጧት በ12 ሰዓት መሄድ ስትጀምር ጫማው የእሳቸው ሥራ ሆነ። መጀመሪያ ተቀምጠው፣ በኋላ የበሩን መቃን ይዘው ቆመው ያደርጉ ጀመር። ስንጀምር 2 ሰከንድ ነበሩ፤ ከአምስት ወር በኋላ 7 ደርሰዋል። ልጅቷ ቅዳሜ መጥታ ጎንበስ ስትል እግራቸውን ይሰበስባሉ፤ በዚህ ምክንያት እስካሁን ይጨቃጨቃሉ። ልጅቷ እኔን ተቀይማኛለች መሰለኝ፤ ሰላምታዋ ቀዝቅዟል።

ለልጆች የምለው፦ አጠገባቸው ቁሙ፣ እጃችሁን አዘጋጁ፣ ግን አታድርጉላቸው። ማክበሩ አልቀረም፤ ቦታው ብቻ ነው የተለወጠው።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስወጣ ጆሮዬ ይደፈናል። ሚዛኔን ያበላሻል?

አያበላሽም። የሐረጎን ዳገት ሲወጡ የሚደፈነው ከጆሮ ታምቡር በስተጀርባ ያለው የአየር ክፍል ነው፤ ሲያዛጉ ወይም ሲውጡ ይከፈታል። የሚዛኑ ቦዮች ከዚያ ወደ ውስጥ ናቸው። የከፍታው ልዩነት 600 ሜትር ከፍ ያለ ቢሆንም ለ10 ሰከንድ ቆሞ የሚፈተንን ሰው አየሩ ምንም አያደርገውም። ኮምቦልቻ ያሉ ዘመዶቼ «እኛ ሜዳ ላይ ስለሆንን እንበልጣችኋለን» ይላሉ፤ ሁለት ጊዜ ተወዳድረን አንድ አንድ ነን።

እንዴት ልለማመድ? ከባዶ ነው የምጀምረው።

ወንበር አያስፈልግም፤ የበር መቃን ይበቃል። መጀመሪያ ሁለቱን እግር አጣብቀው ይቁሙ። ይህ 30 ሰከንድ ሲሆንልዎት የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላኛው አውራ ጣት ጎን ያድርጉ። ቀጥሎ አንዱን እግር ከሌላው ፊት ለፊት፣ ተረከዝ ከጣት ጋር እየተነካካ፣ በአንድ መስመር ላይ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይወላውላል፤ ሁለት ሳምንት ቢቆይበት ችግር የለውም። ከዚያ በኋላ ነው አንድ እግር የሚነሳው፦ መጀመሪያ በሙሉ እጅ መቃኑን ይዞ፣ ቀጥሎ በሁለት ጣት፣ ቀጥሎ በአንድ ጣት፣ መጨረሻ ላይ እጅን ከመቃኑ አጠገብ አንሳፎ።

ደካማውን እግር ያስቀድሙ፤ ሲደክሙ የሚዘለለው እሱ ነውና። ቡና ሲፈላ ይሁን። እጣኑ ጨሶ አቦል እስኪቀዳ ድረስ ሁለቱንም እግር አራት አራት ጊዜ ማድረስ ይቻላል፤ ባለቤቴ ጀበናውን ከሚነካው ርቀት እንድቆም አዝዛኛለች፣ ትክክልም ናት።

ሚዛን ብቻውን አይበቃም፤ ጉልበትም ይፈልጋል። እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው ከወንበር 8 ወይም 10 ጊዜ ይነሱ፣ ቀስ ብለው ይቀመጡ። ቀስ ብሎ መቀመጡ ከመነሳቱ አይተናነስም። ተረከዝን አንስቶ በጣት መቆምም ለባት ጥሩ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች ሚዛንና ጥንካሬን የሚያሠራ እንቅስቃሴ በሳምንት 3 ቀን ወይም ከዚያ በላይ እንዲያደርጉ ይመክራል። ጥቅሙም በወሬ አይደለም፤ 108 ሙከራዎችንና ከ23,000 በላይ ሰዎችን አጠቃሎ የያዘ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ግምገማ የአካል እንቅስቃሴ የመውደቅን ብዛት በ23 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ስኳር አለብኝ። የደም ግፊት መድኃኒትም እወስዳለሁ። ልሞክረው?

ለሐኪምዎ ይንገሩና ይሞክሩት፤ እንዲያውም ከሌላው ይበልጥ የሚያስፈልገው ለእርስዎ ነው። ስኳር ለረጅም ጊዜ ከፍ ሲል የእግርን ነርቭ ይጎዳል፤ መሬቱ ጥጥ የሆነ ይመስላል ይላሉ ያለባቸው። ሦስተኛው ወሬ አቀባይ ዝም አለ ማለት ነው። በባዶ እግር ከመቆምዎ በፊት ወለሉ ላይ ስለት ወይም ጠጠር አለመኖሩን ይዩ፣ ሲጨርሱም የእግርዎን ሥር ይመልከቱ፤ ቁስል ቢኖር ላይሰማዎት ይችላልና።

አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶች ሰው ከተቀመጠበት ብድግ ሲል ግፊቱ ድንገት እንዲወርድ ያደርጋሉ። በለቅሶ ቤት ወይም በበርጫ ረጅም ሰዓት ተቀምጠው ሲነሱ ዓይንዎ ጭልም ካለ መጀመሪያ እግርዎን ያንቀሳቅሱ፣ ተነስተው ትንሽ ይቁሙ፣ ከዚያ ይራመዱ። መድኃኒቱን በራስዎ አያቁሙ፤ ለሐኪሙ ይንገሩ እንጂ። የእንቅልፍ መድኃኒትም እግርን ያንገዳግዳል።

መቼ ነው ሐኪም ቤት መሄድ ያለብኝ?

ሚዛንዎ ድንገት ከጠፋና አፍ ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ ወይም ንግግር ከተኮላተፈ ይህ የሰከንድ ቆጠራ ጉዳይ አይደለም፤ የአንጎል ደም ሥር ችግር ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ይሂዱ። አልጋ ላይ ሲገላበጡ ቤቱ የሚሽከረከርብዎት ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ቦታቸውን የሳቱ ጥቃቅን ቅንጣቶች ናቸው፤ ሐኪሙ ጭንቅላትን በተወሰነ አኳኋን በማዞር ሊመልሳቸው ይችላል። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ የወደቀ ሰውም ይታይ። ዓይን ላይ ሞራ ካለ ሞራው ይነሳ።

ወድቄ ዳሌዬን አመመኝ። ወጌሻ ልጥራ?

አይጥሩ። ወጌሻን አልንቅም፤ ለወለምታ ብዙ ጊዜ ረድተውኛል። ግን ትልቅ ሰው ወድቆ እግሩን መርገጥ ካቃተው፣ ወይም አንዱ እግር አጥሮና ወደ ውጭ ዞሮ ከታየ የዳሌው አጥንት ተሰብሮ ይሆናል፤ ማሸት ይጎዳዋል። እግሩን ሳያንቀሳቅሱ ሆስፒታል ወስዶ ራጅ ማስነሳት ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ ምክንያት ይሞታሉ፤ ከሁሉም የሚበዙት ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ናቸው።

ለወጣትስ ይጠቅማል?

የ30 ዓመት ሰው ዓይኑን ገልጦ 45 ሰከንድ መቆም ሊሰለቸው ይችላል፤ ዓይኑን ይጨፍን፣ ያኔ እናያለን። ሕፃናቱን ግን ተዋቸው። ኮብልስቶኑ ላይ በከሰል አስምረው ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ፣ በአንድ እግር እየዘለሉ ጎንበስ ብለው ጠጠር ሲያነሱ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ የማስተምረውን ሁሉ በአንድ ጨዋታ ይጨርሱታል። ባለፈው ወር የልጅ ልጄ ጋብዛኝ ሐሙስ ላይ መስመር ረግጬ ወጣሁ።

እርስዎ ራስዎ ስንት ይቆማሉ?

64 ዓመቴ ነው። በቀኝ 31 ሰከንድ፣ በግራ 18። ግራ ጉልበቴን ወጣት ሳለሁ ኳስ ሜዳ ላይ ተጎድቼ ነበር፤ ያንን እንደ ሰበብ ቁጠሩልኝ። ትናንት ማታ ስለማመድ መብራት ጠፋና 4 ላይ መቃኑን ያዝኩ።